ትንሽ ከፍ ያለች ሶል

ከሦስት ዓመት በፊት፣ ታላቅ ወንድሜ ዕቁብ በወጣለት ሳምንት፣ ልጁን አስከትሎ ወደ ስቱዲዮዬ መጣ። ስቱዲዮ ማለቴ ለስሙ ነው። ዱከም ውስጥ፣ ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ በሚወስደው አሮጌው አውራ ጎዳና ዳር፣ ከአንድ ሥጋ ቤት ጓሮ የተከራየኋቸው ሁለት ክፍሎች ናቸው። በአንደኛው ይዘፈናል፤ በሁለተኛው ይቀረጻል። ወንድሜ ወንበር ስቦ ከተቀመጠ በኋላ ግድግዳውን ለረጅም ጊዜ ሲያይ ቆየና እንዲህ አለኝ፦

«እንግዲህ ገንዘቡ ይኸው ነው። ልጁ ከሙዚቃ ሌላ አልማርም ብሏል። ወይ አንተ የምትሠራበትን ዓይነት ዕቃ ልግዛለትና እዚሁ ካንተ ጋር ሥራ ይጀምር፤ ወይ አዲስ አበባ ልላከውና ዲግሪውን ይያዝ። ሁለቱን ግን አልችልም። ሥራው ውስጥ ያለኸው አንተ ነህ፤ የትኛው ይበጃል?»

ልጁ በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር። አንገቱን ደፍቶ ጣቶቹ በጭኑ ላይ ምት ይመታሉ።

«ጋሼ፣ አንድ ሳምንት ስጠኝ» አልኩት። እሱም ነገሩን በጥሞና ላስብበት የፈለግሁ መስሎት አመሰገነኝ። እውነቱን ለመናገር ግን ጊዜ የጠየቅሁት መልሱ ስለጠፋኝ ብቻ አልነበረም። ወንድሜ ዕቃውን ቢገዛለት ዕቃው የሚገባው እኔው ክፍል ውስጥ ነው። ልጁም ረዳቴ ይሆናል። ረዳት ደግሞ ያን ጊዜ እጅግ ያስፈልገኝ ነበር። የሚጠየቀው ሰው ከመልሱ የሚጠቀም ሲሆን ምላሱን ቢጠራጠር ይገባዋል።

እኔ ዲግሪ የለኝም። ሙያውን የተማርኩት አዲስ አበባ ውስጥ፣ የካሴት ዘመን ሊያበቃ በተቃረበበት ጊዜ፣ ከአንድ ስቱዲዮ በር ላይ ተቀምጬ ነው። መጀመሪያ ሻይ አመላልስ ነበር። ቀጥሎ ገመድ መጠቅለል ጀመርኩ። ገመድ መጠቅለልም ትምህርት አለው፤ በክንድ ላይ እንደ ልብስ መስቀያ ገመድ የጠቀለለው ሰው ውስጡን ይሰብረዋል፤ የተሰበረውም ገመድ የሚታወቀው ዘፋኙ በጥሩ ስሜት ላይ ሳለ ነው። ከዚያ ማይክሮፎን አቆምኩ። ከዚያም አንድ ሌሊት ባለሙያው ታሞ ቀረና ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ማንም የምስክር ወረቀት አልጠየቀኝም። እስከ ዛሬም የጠየቀኝ የለም። ደንበኛ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ «እስካሁን የማንን ሠርተሃል?»

ዱከም መጥቼ የራሴን ስቱዲዮ ስከፍት የገጠመኝም ችግር ከዜማ ጋር ግንኙነት አልነበረውም። ከአዲስ አበባ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ይህች ከተማ በሁለት ነገር ትታወቃለች፤ በመንገዷ ዳር በተደረደሩት ሥጋ ቤቶችና፣ ቻይናውያን ባቋቋሙት ኢስተርን ኢንዱስትሪ ዞን። ሁለቱም ጫኝ መኪና ይጠራሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 የአዲስ አዳማ የፍጥነት መንገድ ሲከፈት «እፎይ፣ ከባድ መኪናው ሁሉ ወደዚያ ይሄድልኛል» ብዬ ነበር፤ ሲኖትራኩ ግን ዛሬም በደጄ ያልፋል። ግድግዳዬን በእንቁላል መያዣ ካርቶን ለበጥኩት። ካርቶኑ በክፍሉ ውስጥ የሚያስተጋባውን ቀጭን ድምፅ ጥቂት አለዘበ እንጂ የሞተሩን ጉርምርምታ አንዲት ጋት አልመለሰም። ዝቅ ያለ ድምፅ የሚያፍረው ከክብደት ብቻ መሆኑን የተረዳሁት ከብዙ ኪሳራ በኋላ ነው። በመጨረሻ ሁለተኛ ግድግዳ አስገነባሁ፤ በሁለቱ መካከልም ክፍተት ተውኩ፤ በሩንም ደራርቤ አከበድኩት። ይህን ሁሉ ካደረግሁ በኋላ እንኳ ጥሩ ቀረጻ የማደርገው ከሌሊቱ አምስት ሰዓት በኋላ ነው።

እንግዲህ በዚህ ሚዛን ብንመዝነው ለወንድሜ የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነበር። ግድግዳ፣ መብራት፣ ገመድ፣ ትዕግሥት፤ ከእነዚህ የትኛው በሙዚቃ ዲግሪ ይገኛል?

ነገር ግን በዚያ ሳምንት አንድ የቆየ ነገር ትዝ አለኝ።

ስቱዲዮውን በከፈትኩ በሁለተኛው ዓመት አንድ ሙዚቃ በዲግሪ የተመረቀ ወጣት ሥራ ፍለጋ መጥቶ ነበር። ልፈትነው ፈለግሁ። ያን ዕለት ደግሞ ድምፅ ማጉያዎቹ ውስጥ የማያቋርጥ «እም...» የሚል ጩኸት ገብቶ አስቸግሮኝ ነበር። ልጁ ጥቂት አዳመጠና «ሶል ናት፤ ትንሽ ከፍ ያለች ሶል» አለ። እኔ ሳቅሁበት። ጠረጴዛው ሥር ገብቼ ሁለት ቦታ መሬት የያዘውን ገመድ አንዱን ፈታሁና ጩኸቱ ጠፋ። «ሶል ሳትሆን የኤሌክትሪክ መስመር ናት» አልኩት። ሥራውንም አልሰጠሁትም።

ትክክለኛው እሱ መሆኑን ያወቅሁት ዓመታት ዘግይቼ ነው። የአገራችን ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። «ላ» 440 ላይ ተደርጎ በተቃኘ ፒያኖ ላይ ደግሞ ከታች በኩል የምትገኝ አንዲት ሶል በሰከንድ 49 ጊዜ ትርገበገባለች። ስለዚህ ያ ጩኸት በእርግጥም ሶል ነበር፤ ከግማሽ ድምፅ አንድ ሦስተኛ ያህል ከፍ ያለች ሶል። ወጣቱ የሰማውን በስሙ ጠራው፤ ሊያጠፋው ግን አልቻለም። እኔ ማጥፋቱን ቻልኩበት፤ ምን እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር። ሁለታችንም የአንድ ባለሙያ እኩሌታዎች ነበርን፤ ያንን ሳንረዳው ተለያየን።

የአገራችን የሙዚቃ ታሪክም ይህንን ጥያቄ በአንድ ወገን አይፈታውም። እ.ኤ.አ. በ1969 አምሐ ሪከርድስን የመሠረተው አምሐ እሸቴ የሙዚቃ ተማሪ አልነበረም፤ ሸክላ ሻጭ ነበር። ሸክላ የማሳተም መብት በአንድ ተቋም እጅ በተያዘበት ዘመን ደፍሮ ገብቶ እስከ 1975 ከ100 በላይ ሸክላዎችን አወጣ። የጆሮው መምህር ሱቁ ነበር፤ ሰው ምን ሰምቶ ምን እንደሚገዛ በየቀኑ ያያል። በዚያው ዘመን ከነበሩት ታላላቅ አቀናባሪዎች አንዱ ግርማ በየነ ፒያኖውን የተማረው በራሱ ጥረት ነው።

በሌላው ወገን ደግሞ ሙላቱ አስታጥቄ አለ። ወደ እንግሊዝ አገር የተላከው ምሕንድስና እንዲማር ነበር፤ እሱ ግን ወደ ሙዚቃ አዘነበለ። ለንደን በትሪኒቲ የሙዚቃ ኮሌጅ፣ በኋላም ቦስተን በበርክሊ ተማረ። ኢትዮ ጃዝ ብለን የምንጠራውም ቅኝቶቻችንን ከተማረው ስምምነት ጋር ለማስማማት በመጣሩ የተገኘ ነው። በርክሊ የተማሩት አበጋዝ ክብረወርቅና ሄኖክ ተመስገንም አሉ። ከቅርቡ ዘመን ደግሞ ኤልያስ መልካ። ኤልያስ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የተማረው ቼሎ ነበር። ሕይወቱን ያሳለፈው ግን በስቱዲዮ ወንበር ላይ ነው። በመስከረም 2012 ዓ.ም. ሲያርፍ በገና ስቱዲዮን፣ በእሱም ቅንብር የተወለደ የአንድ ትውልድ ድምፅ ትቶልን ሄደ። ቼሎ ዘፋኝን እንዴት መቅረጽ እንደሚገባ አያስተምርም። ይሁንና ለዓመታት በቼሎ ላይ ያጎነበሰ ሰው፣ የቤዝ መስመር ከዜማው ሥር እንደ ሁለተኛ ዘፋኝ መሄድ እንዳለበት ማንም ሳይነግረው ያውቃል ብዬ አስባለሁ።

ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ራሱ ሲጀመር የመጀመሪያው ዳይሬክተር ዶክተር አሸናፊ ከበደ በአሜሪካ በኢስትማን የተማሩ ሰው ነበሩ። ትምህርት ቤቱ በኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ ዲግሪ መስጠት ጀመረ፤ ከፒያኖና ከቫዮሊን ጎንም ክራርና ማሲንቆ፣ ዋሽንትና በገና ያስተምራል። የዚህ ትርጉሙ ለእኛ አገር ከሙያ ያለፈ ነው። «አዝማሪ» የሚለው ቃል ስድብ በነበረበት አገር፣ ማሲንቆ መምታት በዩኒቨርሲቲ ማኅተም ተረጋግጦ ሲወጣ አባት ለጎረቤቱ የሚመልሰው መልስ ያገኛል። ወንድሜ «ዲግሪውን ይያዝ» ሲል ከሥራ ዕድል ይልቅ ይህንን መልስ እየፈለገ እንደነበር አልጠፋኝም። ይህም መናቅ የለበትም።

ሆኖም እኔን ያሳመነኝ ከእነዚህ የታላላቅ ሰዎች ታሪኮች አንዱም አልነበረም። ያሳመነኝ አንድ የራሴ ጥፋት ነው።

ከዓመታት በፊት አንዲት ሴት እናቷን ይዛ መጣች። እናትየው በየረር ተራራ ግርጌ ያደጉ፣ በወጣትነታቸው በየሰርጉ ይጠሩ የነበሩ ዘፋኝ ነበሩ። «ድምፃቸው ሳይጠፋ አስቀርልኝ» አለችኝ። እኔም «አደ፣ እዚህ ይቀመጡ» ብዬ ከማይክሮፎኑ ፊት አስቀመጥኳቸው። ያለ አንዳች መሣሪያ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አራት የኦሮምኛ የሰርግ ዜማዎች ዘፈኑ። ያን ሌሊት እንዳጋጣሚ አንድም መኪና አላለፈም።

ልጅቱ ገንዘብ ከፍላለች፤ እኔም ገንዘቧ የሚመጥነውን ሥራ ልሥራላት አልኩ። ከሥሩ ኪቦርድ አስገባሁ። ድምፃቸው ግን ከኪቦርዱ ጋር አልስማማ አለኝ። አንዳንዷ ድምፅ በሁለት የፒያኖ ቁልፎች መካከል ትወድቃለች። እኔም አሮጊቷ በዕድሜያቸው ምክንያት የሳቱ መሰለኝ። ኦቶቲዩኑን ከፍቼ እያንዳንዷን ድምፅ ወደሚቀርባት ቁልፍ ገፋኋት። ሁሉም ተስተካከለ። የዲስኬ ቦታ ጠባብ ስለነበርም የመጀመሪያውን ቀረጻ አጠፋሁት።

ልጅቱ ስትሰማ ለረጅም ጊዜ ዝም ካለች በኋላ «ጥሩ ነው፤ ግን እናቴ አይደለችም» አለችኝ። ምን እንደጎደለ ጠየቅኋት፤ ልትነግረኝ አልቻለችም። እኔም ቃሏ አልገባኝም። ቀረጻ ሲሰሙ የራስን ሰው ድምፅ አለማወቅ የተለመደ ነው ብዬ አጽናናኋት። እናትየው በዓመቱ አረፉ። ዛሬ በዓለም ላይ ያለው የእሳቸው ድምፅ እኔ ያረምኩት ብቻ ነው።

በኋላ ነገሩ ቀስ በቀስ ተገለጠልኝ። ኦቶቲዩኑ እኔ በተጠቀምኩበት አኳኋን የሚያውቀው እኩል የተከፋፈሉ 12 ድምፆችን ነበር። በመሣሪያ ያልተገራ፣ ከእናት ወደ ልጅ የተላለፈ አዘፋፈን ደግሞ ድምፆቹን የሚያስቀምጠው የራሱ ቦታ ላይ ነው። በቁልፎቹ መካከል የወደቁት ድምፆች ስሕተት አልነበሩም፤ ዜማው ራሱ እነሱ ነበሩ። መቃኘት የነበረበት ኪቦርዱ ነበር እንጂ ሴትየዋ አልነበሩም። ከሁሉ የሚያሳፍረኝ፣ ያ ኪቦርድ እያንዳንዷን ድምፅ ከፍና ዝቅ አድርጎ ለመቃኘት የሚያስችል ማስተካከያ ነበረው፤ አልከፈትኩትም። ምክንያቱም እንዲህ ያለ ጥያቄ መኖሩን አላውቅም ነበር። ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ ለመጠየቅም ግን ምን እንደማያውቁ ማወቅ ያስፈልጋል።

በሳምንቱ መጨረሻ ወንድሜ ቤት ሄጄ ቡና እየጠጣን መልሴን ነገርኩት።

«ጋሼ፣ ዲግሪ ስቱዲዮ አይከፍትም። ይህንን አውቀህ ላከው። ሲመረቅ ወረቀቱን አይቶ ሥራ የሚሰጠው ስቱዲዮ ቢኖር ጥቂት ነው። ግድግዳ መሥራት፣ ገመድ መጠገን፣ የሚያለቅስ ዘፋኝ ማባበል አያስተምሩትም። ስለ ገንዘብና ስለ ውልም ከሰው መማር አለበት፤ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለድምፅ ቀራጭ ምን መብት እንደሚሰጠው እንኳ እኔ ራሴ ያወቅሁት ከተጣላሁ በኋላ ነው። ይህ ሁሉ እኔ ጋ ይገኛል። እኔ ጋ የማይገኘው ጆሮ ነው። እዚያ ለዓመታት የሰማውን እንዲጽፍ፣ የጻፈውን እንዲዘምር፣ ሲስትም አስተማሪ ፊት እንዲስት ያስገድዱታል። ራሱን በራሱ የሚያስተምር ሰው ይህን ሁሉ ሊያገኘው ይችላል፤ ብዙዎችም አግኝተውታል። እኔ ግን አላገኘሁትም፤ ስላላገኘሁትም ሰው በድያለሁ። ከዚህም ሌላ፣ ነገ በየባንዱ የሚጫወቱት ልጆች ዛሬ አብረውት ይማራሉ። ስቱዲዮ በዕቃ ብቻ አይቆምም፤ ስልክ ስትደውልለት በሌሊት ቤዙን ተሸክሞ በሚመጣ ጓደኛ ነው የሚቆመው።»

«ዕቃውስ?» አለ ወንድሜ።

«ዕቃ እኔ ጋ አለ። ዛሬ የምትገዛው ኮምፒውተር ሲመረቅ አሮጌ ነው። ጆሮ ግን አያረጅም።»

ይህን ስል የራሴ ጆሮ ከአሥር ዓመት የድምፅ ማጉያ በኋላ መዳከሙን አስቤ ዝም አልኩ። ወንድሜም ስኒውን አስቀምጦ ሳቀና «የተማረ ይግደለኝ ማለትህ ነው» አለ።

ልጁ የተሰጥኦ ፈተናውን አለፈ። በመጀመሪያው ዓመት ብዙ ጊዜ እየደወለ ያማርር ነበር። «አጎቴ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ስኬል ብቻ! ይህ ለስቱዲዮ ምን ያደርጋል?» ይለኛል። እኔም የምመልስለት አልነበረኝም። «በእረፍት ቀንህ አንድ ስቱዲዮ ፈልገህ ገመድ ጠቅልል» እለዋለሁ። እንደነገርኩትም አደረገ። እኔ በበኩሌ ረዳት ሳላገኝ ሁለት ዓመት ብቻዬን ለፋሁ፤ አንዳንድ ሌሊት፣ በተለይ መብራት ጠፍቶ ሥራ ሲበላሽብኝ፣ ምክሬን የተራገምኩበትም ጊዜ አለ።

ባለፈው ክረምት ለእረፍት መጣና ሰንብቶ ሲረዳኝ ቆየ። አንድ ምሽት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ቀረጻ የማይቻል ሆነና አሮጌ ሥራዎቼን እየከፈትን ማዳመጥ ጀመርን። ሳላስበው የእኒያ እናት ዜማ ተከተለ። ስለ እሳቸው አንድም ቃል ነግሬው አላውቅም። ላጠፋው እጄን ስዘረጋ «ቆይ አጎቴ» አለኝ።

አንዴ ሰማው። መልሶ ከመጀመሪያው ጀመረ። ሦስተኛው ስንኝ ላይ አቆመውና ዜማውን በራሱ ድምፅ አንጎራጎረ፤ አንዷን ድምፅ ግን ከቀረጻው ጥቂት ዝቅ አድርጎ፣ በሁለቱ ቁልፎች መካከል አሳረፋት።

«እዚህ ላይ እንዲህ ማለት የፈለጉ ይመስለኛል» አለ። «ማነው የነካው?»

ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ አልመለስኩለትም። ሲያባራ ግን ታሪኩን ሁሉ ነገርኩት፤ የሴትየዋ ልጅ ያለችኝንም ጭምር። ብዙም አልተናገረም። በማግስቱ ጠዋት ሰርክ እንደሚያደርገው ገመዶቹን በትክክል ጠቅልሎ ከሰቀለ በኋላ፣ ከቦርሳው የኖታ ደብተሩን አውጥቶ ያችን ዜማ እሱ እንደገመታት ጻፋት። ድምፆቹ በመስመሮቹ ላይ በትክክል ስለማይቀመጡም ከአንዳንዶቹ አናት ላይ ትንንሽ ቀስቶች አደረገ፤ ወደ ላይ የሚያመለክቱ፣ ወደ ታች የሚያመለክቱ።

ድምፁ እንደማይመለስ ሁለታችንም እናውቃለን። ደብተሩን ግን ለልጅየዋ ላሳያት ብዬ ለመንኩትና ሰጠኝ። ቤቷ ከባቡር ጣቢያው ባሻገር ነው። እስካሁን አልሄድኩም፤ በዚህ ሳምንት ግን እሄዳለሁ።